ገዳም ጋደም ማያ አይደለም፦ ስለ ሴቶች ገዳማት ስያሜ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የሴቶች ገዳም» የሚለው ስያሜ ከየት እንደመጣ የሚያትት አንድ ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ገዳም የሚለው ቃል «ጋደም ማለት» ከሚለው የወጣ ስለሆነ ትርጉሙ ማረፊያ ነው። የሴቶች ገዳም በጥንቱ ሥርዓታችን አልነበረም፤ ስያሜውም ሚሲዮናውያን ይዘውት የመጡት የ«ኮንቬንት» (በእንግሊዝኛ የሴቶች ገዳም) ትርጉም ነው። ገዳም በመሠረቱ ሴት የማይገባበት ቦታ ነው። የሴቶች ገዳም አለቃ የምትጠራበት «እመ ምኔት» ሥልጣን የሌለው የአክብሮት መጠሪያ ነው። መነኩሴ ማለት ብቸኛ ማለት ከሆነ የመነኮሳይያት (የሴት መነኮሳት) ማኅበር የሚባለው ነገር እርስ በርሱ ይጋጫል። በመጨረሻም በእነዚህ ቦታዎች የሚኖሩት ባሎቻቸው የሞቱባቸው አረጋውያን ስለሆኑ «የእናቶች ማረፊያ» ተብለው ቢጠሩ ይሻላል ይላሉ።

ስለ ቃል አመጣጥ መሳሳት ለማንም ያጋጥማል። ይሄኛው ስሕተት ግን መዘዝ አለው። ከተሳሳተ የቃል ፍቺ ተነሥቶ ሌሊት በማኅሌትና በስግደት፣ ቀን በሥራ የሚደክሙትን እናቶች የጡረታ ቤት ነዋሪዎች ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

ከዋናው እንጀምር። «ጋደም አለ» አማርኛ ነው፤ ገዳም ግን ወደ አማርኛ የገባው ከግእዝ ነውና ትርጉሙን መጠየቅ ያለብን ግእዙን ነው። በግእዝ ገዳም ማለት ሜዳ፣ ዱር፣ ሰው ያልሰፈረበት ያልታረሰ ምድር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። የዱር አውሬዎች «አራዊተ ገዳም» ይባላሉ። አውሬው ገዳም የሚኖረው መንኩሶ አይደለም፤ ዱር ስለሚኖር ነው። ጌታ በወንጌል እንዴት እንደሚያድጉ ልብ በሉ ያላቸው፣ በአማርኛው «የሜዳ አበቦች» የተባሉት፣ በግእዙ «ጽጌያተ ገዳም» ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን ማንም ምእመን የሚያውቀውን ልጥቀስ። ጌታችን አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የጾመበትን ቦታ «ገዳመ ቆሮንቶስ» እንላለን። በዚያን ጊዜ እዚያ አበ ምኔትም አልነበረም፣ የተሠራ ቤተ ክርስቲያንም አልነበረም፣ ቆብ የደፋ መነኩሴም አልነበረም። የነበረው ድንጋይና በረሃ፣ ረሃብና ፈተና ነው። «ጋደም ማያ» የሚለውን ፍቺ እዚህ ቦታ ላይ አስገብተው ቢያነቡት ጸሐፊው ራሳቸው የሚቀበሉት አይመስለኝም።

ታዲያ ምድረ በዳን የሚጠራ ቃል እንዴት የመነኮሳት መኖሪያ መጠሪያ ሆነ? መንገዱ በግብፅ በኩል ነው። የምንኩስና አባቶችና እናቶች ከተማውን ትተው የወጡት ወደ በረሃ ነበር፤ መጻሕፍቶቻችን «ገዳመ አስቄጥስ» የሚሉት ያ ዝነኛ የመነኮሳት አገር በመጀመሪያ በረሃ ነው፤ ኋላ ግን በረሃው በመነኮሳት ሞላ። «ወደ ገዳም ወጣ» ማለት በመጀመሪያ ወደ ምድረ በዳ ወጣ ማለት ነበር፤ ሰዎቹ እዚያ ከርመው፣ ቤት ሠርተው፣ ሥርዓት ሲያበጁ የቦታው ስም የአኗኗሩ ስም ሆነ። በ1865 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የአውግስጦስ ዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላትም ይሁን በ1987 የወጣው የቮልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፍቺ ይዘዋል፤ ሜዳና ምድረ በዳውን፣ ቀጥሎም የመነኮሳት መኖሪያውን። ደብርም እንዲሁ ነው። ቃሉ በግእዝ ተራራ ነው፤ ደብረ ሲና፣ ደብረ ዘይት፣ ደብረ ታቦር ስንል ተራራ እያልን ነው። መነኮሳት ተራራ ላይ ስለሰፈሩ ተራራው የገዳም፣ ኋላም የታላቅ ቤተ ክርስቲያን ስም ሆነ። ሁለቱም ቃላት ሰዎቹ የሄዱበትን አስቸጋሪ ቦታ ነው የሚነግሩን። ማረፊያ ፍለጋ ዱር የሚወርድ፣ ገደል የሚወጣ ሰው የለም።

ቀጥሎ የኮንቬንት ጉዳይ። ቃሉ ራሱ ጸሐፊውን አይረዳቸውም። የላቲኑ ኮንቬንቱስ መሰብሰብ፣ ጉባኤ ማለት ነው፤ ስለ ጾታ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። የፍራንቸስኮስና የዶሚኒኮስ ወንድ መነኮሳት ቤቶች ሁሉ በዚሁ ቃል ተጠርተዋል፤ እስከ ዛሬ «ኮንቬንቱዋል» የሚባለው የፍራንቸስካውያን ማኅበር የወንዶች ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ለሴቶች ብቻ የሆነው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የሴቶችን ገዳም ከወንዶች ለመለየት ሲባል ተተረጎመ የተባለው የባዕድ ቃል ራሱ ለረጅም ዘመን ሴትን ከወንድ አይለይም ነበር።

ታሪኩ ደግሞ ከዚህ ይበረታል። በአባ እንጦንስ እንጀምር፤ «የመነኮሳት ሁሉ አባት» የምንላቸውና ጥር 22 ቀን የምናስባቸው ናቸው። አትናቴዎስ በጻፈው ታሪካቸው እንደምናነበው፣ ወላጆቻቸው ሞተው ሀብታቸውን ለድኾች ካከፋፈሉ በኋላ አንዲት ታናሽ እኅታቸውን የታመኑ ደናግል ወደሚኖሩበት ቤት ሰጧት፤ እሳቸው ከዚያ በኋላ ነው ወደ ተጋድሎ የወጡት። ልብ በሉ፤ ይህ በሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ የሆነ ነገር ነው። የመነኮሳት አባት ገና ወደ በረሃ ሳይወጡ እኅታቸውን የሚቀበል የደናግል ማኅበር ነበር ማለት ነው። የሴቶቹ ቤት የወንዶቹ ገዳም ተከታይ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሚሲዮናውያኑን ነገር ደግሞ የአገራችን ታሪክ ራሱ ይመልሰዋል። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1557 (እ.ኤ.አ.) ነው። የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ የያዘው ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሲሆን፣ በውስጡ የደናግል ገዳማት ታሪክ ተደጋግሞ ይገኛል። ከቡልጋ ተነሥታ ደብረ ሊባኖስ የመነኮሰችው፣ ኋላም በጣና ሐይቅ ጓንጉት ላይ የጸናችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራም የ15ኛው መቶ ዓመት ሰው ናት። ኮንቬንት የሚለውን ቃል ያሰማት አልነበረም።

ከሁሉም ግን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ላይ ቆም ማለት አለብን፤ የጸሐፊው ነጥብ ፈጽሞ የሚገለበጠው እዚህ ነውና። ወለተ ጴጥሮስ በ1592 (እ.ኤ.አ.) ከታላላቅ ሰዎች ተወልዳ የአፄ ሱስንዮስ ባለሥልጣን ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም ሞቱባት። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉና አገሩን በዚያው ለመውሰድ ሲነሡ ባሏን ትታ መነኮሰች፤ በየቦታው እየዞረችም ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዲጠብቅ አስተማረች። ስለዚህም ዠበይ ወደሚባለው የቆላ ምድር በግዞት ተላከች፤ ሦስት ዓመት ቆየች። እዚያ ለብቻዋ እንድትቀር የተፈረደባት ሴት ጋ ሰው ይጎርፍ ጀመር። በእሷ ዙሪያ ከተሰባሰቡት ማኅበራት የመጀመሪያው እዚያው በግዞት ቦታ የቆመው ነው። ኋላ በጣና ዙሪያ ምጽሌንና ዛጌን ጨምሮ በጠቅላላው ሰባት ሆኑ፤ ሴቱም ወንዱም የሚመራው በእሷ ቃል ነበር። ገድሏ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በ1672 ተጽፏል፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 17 ትታሰባለች።

እንግዲህ የኢትዮጵያን የሴቶች ማኅበራት ታሪክ ስናነሣ ከፊት የምትመጣው ሴት ማኅበሮቿን ያቆመችው የሚሲዮናውያኑን ትምህርት እየተቃወመች፣ ስለ ተቃውሞዋም እየተጋዘች ነው። እነዚህን ማኅበራት «ሚሲዮናውያን ያመጡት» ማለት የቀን ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የተገፋችውን የገፊዎቿ ተማሪ ማድረግ ነው። ደግሞም ዠበይን ያየ ሰው ገዳም ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ቆላው ራሱ በቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ገዳም ነበር፣ ሰዎቹ ሲሰበሰቡበት በሁለተኛውም ትርጉም ገዳም ሆነ።

ገዳም ሴት የማይገባበት ነው የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው ደብረ ዳሞን ጠቅሰዋል፤ እውነት ነው፣ ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣም። የጣናው ክብራን ገብርኤልም ሴት አያስገባም። ይህ ግን የእነዚያ ገዳማት ሥርዓት ነው እንጂ የቃሉ ትርጉም አይደለም። ከክብራን አጠገብ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚሄድ ሁለቱን በአንድ እይታ የሚያያቸው፣ ሌላ ትንሽ ደሴት አለች፤ እንጦንስ ኢየሱስ። የመነኮሳይያት ገዳም ሆና የኖረች ናት። አንደኛዋ ደሴት ሴት አይረግጣትም፣ ጎረቤቷ የሴቶች ናት፤ ሁለቱም ግን ገዳም ይባላሉ። የጣና ጀልባ ቀዛፊ የሚያውቀውን ልዩነት ጸሐፊው ሳያዩት ማለፋቸው ይገርመኛል። ደብረ ሊባኖስን የተሳለመም ቢሆን ቆባቸውን ደፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው የሚያልፉትን እማሆዮች ሳያይ አይመለስም።

ወደ ምኔት ልምጣ። ጸሐፊው ምኔት «ምናኔ» ከሚለው አጥሮ የወጣ ነው ብለው፣ ስለዚህ እመ ምኔት ማለት «ዓለምን የናቀች እናት» ማለት ነው፣ አክብሮት እንጂ ሹመት አይደለም ይላሉ። ምናኔ መነነ ከሚለው ግስ ነው፤ ናቀ፣ ተወ ማለት ነው፤ በዚህ አልከራከራቸውም። ምኔትን ግን የቋንቋ ሊቃውንት የሚያገናኙት ከግሪኩ «ሞኔ» ጋር ነው፤ ትርጉሙም መኖሪያ፣ ማደሪያ። በጎረቤቶቻችንም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በኢየሩሳሌም ያለው ገዳማችን «ዴር ሡልጣን» ሲባል፣ ዴር የሚለው ዐረቦች ከሶርያውያን የወሰዱት ቃል መነሻው ማደሪያ ማለት ነው። ስለዚህ አበ ምኔት የቤቱ አባት፣ እመ ምኔት የቤቲቱ እናት ናት፤ ቤት ደግሞ ያለ አስተዳዳሪ አይቆምም።

ሥራዋን ስናይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ልመንኩስ ብላ የመጣችውን ልጅ የምትቀበልና አመክሮ (የመፈተኛ ጊዜ) የምታስቆጥር እሷ ናት። ማን ወፍጮ ቤት ይዋል፣ ማን እንግዳ ይቀበል፣ ማን ከብቶቹን ይይ፣ ማን ድውያኑን ያስታም የምትደለድል እሷ ናት። የማኅበሩ እህል ሲገባና ሲወጣ የምትጠየቅበት፣ የተጣሉትን የምታስታርቅ፣ ያጠፋችውን ቀኖና እንድትቀበል የምታደርግ እሷ ናት። ቆቡን የሚባርከው፣ ቅዳሴውን የሚቀድሰው ካህን መሆኑ እውነት ነው፤ የሴቶች ገዳማት በዚህ ረገድ በካህናት ላይ ይደገፋሉ። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው «ሥልጣኑ የካህኑ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ዘለዋል። ካህኑ ቀድሶ ይሄዳል፤ ሌሊት የታመመች መነኩሲት ብትኖር የሚንኳኳው የእመ ምኔቷ በር ነው።

አሁን «ብቸኛ» ወደሚለው። መነኮስ ከግሪኩ ሞናኾስ እንደመጣ፣ ቃሉም አንድ፣ ብቻ ከሚለው እንደወጣ ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። ስሕተቱ ያለው ቃሉ እዚያው የቆመ አድርገው ማሰባቸው ላይ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ጳኩሚስ በላይኛው ግብፅ መነኮሳትን በአንድ አጥር፣ በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ሥርዓት ሲያኖሩ መነኮስ የሚለው ቃል ማኅበርተኛውንም ያዘ። የጳኩሚስ ሥርዓትም ገና በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ ተተርጉሞ የእኛ ሆኗል።

ለጉዳያችን የበለጠ የሚቀርበው ግን የእኅታቸው የማርያም ታሪክ ነው። ወንድሟን ልታይ ወደ ገዳሙ መጣች። ጳኩሚስ አልወጡም፤ በበረኛው በኩል ነው መልእክት የላኩባት፤ በሕይወት እንዳለሁ ሰምተሻል፣ ስላላየሽኝ አትዘኚ፣ ይህን ሕይወት ከወደድሽ ግን ወንድሞች መኖሪያ ይሠሩልሻል፣ ሌሎችም ወደ አንቺ ይሰበሰባሉ የሚል ነበር። አለቀሰች፤ ከዚያም እሺ አለች። ቤቱ ተሠራላት፣ ሴቶች ተሰበሰቡ፣ እሷም እናታቸው ሆነች። ለወንዶቹ የተጻፈው ሥርዓት ለእነሱም ተሰጠ። ይህ የሆነው ጳኩሚስ በ346 ከማረፋቸው በፊት ነው። ማኅበራዊ ምንኩስና ሲወለድ የሴቶቹም ማኅበር አብሮ ተወልዷል።

በእኛም አገር ይህን የሚለይ የታወቀ አነጋገር አለ፤ ጸሐፊው አለማንሣታቸው ግር አሰኝቶኛል። ገዳማት የአንድነትና የቁሪት ይባላሉ። በቁሪቱ እያንዳንዱ በየቤቱ፣ የራሱን እየሠራ የራሱን ይበላል። በአንድነቱ ግን የእኔ የሚባል ነገር የለም፤ ሥራው የጋራ፣ ጎተራው የጋራ፣ ምግቡም በመቁነን ነው። መቁነን ማለት ለሁሉም ተለክቶ የሚሰጠው የዕለት ድርሻ ነው፤ ከባለጸጋ ቤት የመጣችውም ከድኻ ቤት የመጣችውም ያንኑ ልክ ትቀበላለች። በወለተ ጴጥሮስ ገድል ውስጥ ይህ ነገር ሥጋ ለብሶ ይታያል። እሷና ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ እንደ ቤት ሠራተኛ እህል ይፈጫሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። ገረዶች ሲያገለግሏት ያደገች ወይዘሮ ናት ይህን የምትሠራው። ብቸኝነቱ ከዓለም ክብርና ከራስ ንብረት መለየት ነው፤ ከእኅቶች መለየት አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ እድሜ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። በአገራችን ብዙ እናቶች ልጅ ድረው፣ ባል ቀብረው፣ በስተርጅና ይመነኩሳሉ። ከእነሱም ብዙዎቹ ገዳም አይገቡም፤ በልጃቸው ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ በትንሽ ጎጆ እየጸለዩ ይኖራሉ። «ቤተ ደናግል» የሚለው ስም ሁሉንም መነኮሳይያት አይገልጽም ያሉትም ትክክል ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ ራሷ አግብታ የወለደች ናት። ጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ተብሎ የሚጠራው የሰበታው ገዳም ስሙን ቢይዝም፣ የሴቶች ገዳማት ሁሉ የወል ስም ይህ ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን በስተርጅና የመነኮሱትን እናቶች አኗኗር ወስዶ የገዳማቱ መግለጫ ማድረግ አይቻልም። ወለተ ጴጥሮስ ከባሏ ቤት ስትወጣ ገና 20ዎቹ ውስጥ ነበረች። በዘመናችንም በፒያኖ ዜማዎቻቸው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግሸን ማርያም የወጡት በወጣትነታቸው ነው፤ ዓመታት በዚያ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው ኖረዋል፤ በኋላም ኢየሩሳሌም ገብተው በ2023 (እ.ኤ.አ.) እዚያው አርፈዋል። አሁን ያሉትን የሴቶች ገዳማት የጎበኘ ሰውም ለምንኩስና የሚዘጋጁ ወጣት ረድኦችን ያያል፤ ጥጥ ሲፈትሉ፣ ጧፍ ሲያዘጋጁ፣ ላም ሲያልቡ፣ መዝሙረ ዳዊት ሲያጠኑ። አረጋውያኑም ቢሆኑ እርጅና ከስግደት አላሳረፋቸውም። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ በመቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን የሚቆሙትን እናት ጋደም ያሉ ማለት ድፍረት ነው፤ ጸሐፊው ይህን አስበውበት የጻፉት አይመስለኝም።

ስለዚህ «የእናቶች ማረፊያ» የሚለው አዲስ ስያሜ አያስፈልግም። የሌለ ክፍተት ለመሙላት የተፈጠረ ስም ነው። የሴቶች ገዳም የሚለው ጥሩ አማርኛ ነው። በግእዙ መጻፍ የፈለገም መነኮሳይያት፣ ምኔት፣ እመ ምኔት የሚሉት ቃላት ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ቦታ እንዲነኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ገዳምን ከጋደም ያያያዙበትን አንቀጽ፣ እና «የማረፊያው ኃላፊ ሴት» ብለው የጠሯቸውን እናት። እመ ምኔት ይባላሉ።